ማይኩ ምን በደለ?

ቤቱ በኮምፒውተር ድምፅ የሚቀዳ ሁሉ ሮሮው አንድ ነው፤ «ማይኬ አይረባም፣ ውድ ልግዛ!» እኔ ግን ገንዘባችሁን ያዙ ባይ ነኝ። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅዱ። «እምምም» የሚለው ድምፅ ከጠፋ ጥፋቱ የማይኩ አይደለም፤ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የአገራችን ኤሌክትሪክ ነው የገባባችሁ። ክፍሉ ካስተጋባ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ወደ ማይኩም ቀረብ በሉ። ከሁሉም በላይ የመቅጃውን መጠን ቀንሱ፤ ከፍተኛው ድምፅ -12 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ከፍ ይደረጋል። ጣሪያ ነክቶ የተቆረጠ ግን በየትኛውም ሶፍትዌር እንደነበረ አይመለስም።

እናም የአያታችሁን ተረት ለመቅዳት ውድ ማይክ አትጠብቁ። ማይክ ነገም ይገዛል፤ አያት ግን ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።