«ጉግል ላይ ከሌለ የለም» ለሚሉን

«ጉግል ላይ ከሌለ የለም» የምትለው አባባል በየዩኒቨርሲቲያችን የጥናት መመሪያ ልትሆን ምንም አልቀራት። በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ቋንቋ ፈልጋችሁ ነው የለም የምትሉት?

ቡታጅራን እንውሰድ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. የጀመረው የገጠር ጤና ጥናት የአካባቢውን ልደትና ሞት ለዓመታት መዝግቧል። የከተማዋን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ፐብሜድ ላይ የጻፈ ሰው የጥናት ጽሑፎቹን በገፍ ያገኛል። ፐብሜድ ግን የተሠራው በእንግሊዝኛ ለሚጠይቅ ነው። ጉግል በአማርኛ ቢጠየቅም በአማርኛ ያልተጻፈውን ከየት ያመጣል?

የተጻፈውም ቢሆን መከራው ብዙ ነው። አንዱ «ቡታጅራ» ይላል፣ ሌላው «ቡታጂራ»። «ሐኪም»ና «ሀኪም» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን «ሐ» እና «ሀ» የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሁለቱን እንዲያዛምድ ያልተሠራ መፈለጊያ አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥላል።

ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የእኛ የምሁራኑም ነው። ደጇ ድረስ ሄደን ስንት ልጅ እንደሞተባት የጠየቅናት እናት፣ መልሷ ምን እንዳስገኘ በምታውቀው ቋንቋ ስንቶቻችን ነገርናት? ከወልቂጤም ይሁን ከአዲስ አበባ የሚወጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ የአማርኛና የጉራጊኛ አጠቃሎ ይኑረው፤ የቦታ ስሞችም በየአጻጻፋቸው ይግቡበት። የእኔ የዶክትሬት ጽሑፍ ይህ የለውም።