ክራሩን ለማን ይቃኙታል?

ክራር ከኪቦርድ ጎን በቆመ ቁጥር የሚቃኘው ክራሩ ነው፤ ኪቦርዱ ከቶ አይነካም። ከመራዊ የሠርግ ዳስ እስከ ባሕር ዳር መድረክ ይህ «ዘመናዊነት» መባሉ ስያሜውን ያዋርደዋል።

ክራር የተወሰነ መነሻ ድምፅ የለውም፤ የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት አስናቀች ወርቁ እንዳደረጉት፣ መቺውም ዘፋኙም አንድ ሰው ሲሆን ይህ ይበልጥ ይገለጻል። ባለ 6 አውታሩ ክራር አምስት ድምፆችንና የአንዱን ኦክታቭ ይይዛል። ከሜጀር ትዝታ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ቶን ዝቅ ቢሉ ማይነር ትዝታ ይወለዳል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም የየራሳቸውን ማጥበቅና ማላላት ይሻሉ።

በአንድ ቅኝት ታስሮ የሚያመሽ ክራር ግን ከዚህ ሀብት አብዛኛውን ያጣል። «እንደገና መቃኘት ጊዜ ያባክናል» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። የተማሪው ጆሮ የሚሠለጥነው ግን በዚያው «በባከነው» ጊዜ ነው! በኤሌክትሮኒክ መቃኛ መብራት ብቻ የሚመራ ተማሪ ዓይኑን እንጂ ጆሮውን አያሠለጥንም።

ኪቦርዱ መነሻ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለው፤ አንዳንዱም እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ማላላት ያስችላል። ታዲያ ሁልጊዜ እሺ ባዩ ክራሩ የሚሆነው ስለ ምን ነው?