የማታው ሰዓት የማን ነው?



ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ዘንገና ቤተሰቦቼ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ከዲከረንስ ከሰል ሽያጭ በተገኘው ገንዘብ ቤቱ ቴሌቪዥንና ዲሽ ገብቶለታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ወደ አማርኛ የተመለሰው የቱርክ ድራማ ይጀምራልና። እኔም ዲያቆን ነኝ ብዬ ስለ ፊልም ጉዳት ላስረዳ አፌን ስከፍት አያቴ እጃቸውን አንሥተው «ቆይ ልጄ፣ ይኸ ይለቅ» አሉኝ። እኒሁ አያቴ በልጅነቴ በዚያው ሰዓት ከምድጃው ዳር ተቀምጠው በአዊኛ ተረት ይነግሩን፣ ሲጨርሱም አባታችን ሆይ አስደግመው ያስተኙን ነበር።

ከዚያች ማታ ወዲህ በዐውደ ምሕረት ላይ «የባዕድ ፊልም ወጣቱን አጠፋው» ሲባል እንደ ቀድሞው ራሴን መነቅነቅ ተስኖኛል። አያቴ ወጣት አይደሉም፤ ከቅዳሴም ቀርተው አያውቁም። ታዲያ ምን ነጠቃቸው?

ከመካከላችን ብዙዎች «ሆን ተብሎ እኛን ለማጥፋት የተሸረበ ሤራ ነው» ትላላችሁ። እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በሀገራችን ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። መሣሪያውና ሙያው በእንግሊዝ ኩባንያ እርዳታ የመጣ፣ ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ የነበረ ጣቢያ ነው። በዚያ ዘመን በአፍሪካም በእስያም በላቲን አሜሪካም እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲቋቋም አንድ ዓይነት ጭንቅ ይገጥመው ነበር፤ የሚሞላው ሰዓት አለ፣ የሚሞላበት ግን የለም። አንድ ድራማ ለመሥራት ደራሲ፣ ተዋናይ፣ መብራት፣ ካሜራና የብዙ ሳምንት ድካም ያስፈልጋል። በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ የተሠራው ግን ወጪውን እዚያው በሀገሩ መልሷል፤ ስለዚህ ሻጩ ለየሀገሩ እንደ ገበያው አቅም ዋጋ እየቀነሰ ይሸጠዋል። 16 ሚሊ ሜትር ፊልሙ በጥቅል ታሽጎ ይላክ ነበር፤ አንዱ ጣቢያ አሳይቶ ሲጨርስ ለሌላው ያሳልፈው ነበር። ኖርደንስትሬንግና ቫሪስ የተባሉ ሁለት የፊንላንድ ተመራማሪዎች ጉዳዩን አጥንተው ዩኔስኮ በ1974 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመላቸው ጊዜ፣ የፕሮግራሙ ጉዞ ከጥቂት ሀገሮች ወደ ብዙዎች የሚፈስ የአንድ አቅጣጫ መንገድ መሆኑን አሳዩ፤ ከሚፈሰውም የሚበዛው መዝናኛ ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ሤራ አያስፈልግም። የሒሳብ ሠራተኛ ይበቃል። ርካሹ ተገዛ፣ ሰዓቱ ሞላ፣ ተመልካቹም ለመደ። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የሠራው ይህንኑ የቆየ ሒሳብ ነው፤ ልዩነቱ ቋንቋውን ማምጣቱ ነው። የኪነ ጥበብ ማኅበራት ተቃወሙት፤ ለእንጀራቸው መጮኻቸው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕዝቡ በአፉ ቋንቋ የሚነገር ታሪክ ምን ያህል ተርቦ እንደ ኖረ ያን ጊዜ ታየ። የተራበ ሰው ያቀረቡለትን ይበላል።

«ባዕድ የሆነ ታሪክ ሁሉ ርኩስ ነው» የምትሉ ደግሞ ወደ ዕቃ ቤታችን ግቡና መጻሕፍቱን ተመልከቱ። ስንክሳር ከዐረብኛ የተተረጎመ ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ እንባቆም የህንዱን ንጉሥ ልጅ የይዋሴፍንና የመናኙን የበረላምን ታሪክ በ1553 (እንደ አውሮፓውያን) ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። ህንድ! ፊልሟ በየቤታችን ከሚታይ ሀገር የመጣ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ኖሯል ማለት ነው። አባቶቻችን መተርጎምን አልፈሩም። ግን መራርጠው ተረጎሙ፤ የተረጎሙትንም እንዳለ አልተዉትም፤ በስንክሳሩ ውስጥ የሀገራችንን ቅዱሳን በየዕለታቸው ጨመሩበት። ዳንኤልም በባቢሎን የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተማረ፤ ከንጉሡ ማዕድ ግን ላለመብላት በልቡ ወሰነ (ዳን. 1)። የሚማረውንም የማይበላውንም የለየው እርሱ ራሱ ነው። የእኛን የማታ ሰዓት የመረጠልን ማን ነው? እኛ አይደለንም፤ ካህኑም አይደሉም፤ አያቴም አይደሉም።

እዚህ ላይ ክርክሬን ወደ ራሳችን ላዙር። (ቅር የምትሰኙ ይቅርታ አድርጉልኝ።) በዚያ ሰዓት እኛ ምን አቀረብን? መንፈሳዊ የሚባለውን ጣቢያ ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መጋረጃ ፊት ቆሞ ለረጅም ሰዓት የሚናገር አንድ ሰባኪ ነው። እኔም እንዲሁ ነው የምሰብከው፤ ሌላ አልተማርሁም። የአንዲት ሰማዕት ገድል ከየትኛውም ተከታታይ ድራማ ይልቅ ልብ የሚሰቅል ሆኖ ሳለ፣ እኛ ስናቀርበው እንቅልፍ ያስወስዳል። በአዊኛማ እኔ አይቼ አላውቅም። ከክልሉ ጣቢያ በአዊኛ የሚተላለፍ ዝግጅት አለ፤ ቋንቋው ለዜና ከሆነ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ገድል የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በጥር 23 ፈረሰኛው ሸልሞ ሲወጣ ሰማዕቱን በአዊኛ የሚያወድሱት እናቶች፣ ታሪኩን ለልጆቻቸው በዚያው ቋንቋ በመድረክ ቢያዩት ምን ይላሉ?

በአንድ ወቅት እኔና ጓደኞቼ በአዊኛ አጭር መንፈሳዊ ተውኔት ለመሥራት ለልብስና ለትራንስፖርት የሚሆን ጥቂት ብር ጠይቀን ነበር። በጀት የለም ተባልን። በዚያው ወር ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተገዛ። ማጉያው ዛሬም «የባዕድ ፊልም ወጣቱን አጠፋው» የሚለውን ስብከት እስከ አስፋልቱ ድረስ ያሰማል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቴሌቪዥናችሁን እንድታጠፉ አይደለም። ብታጠፉትም ጎረቤት ሄዳችሁ እንደምታዩ አውቃለሁ። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ በየቤታችሁ ስልክ አለ፤ አያቶቻችሁ ከመተኛታቸው በፊት አንድ ታሪክ በአዊኛ ይንገሯችሁና ቅዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ድራማው ሳይጀምር፣ የቀዳችሁትን ይዛችሁ ወደ አዳራሹ ኑ። እኔ የአያቴን ቀድቻለሁ። ማስታወቂያ በመጣ ጊዜ ነው የነገሩኝ፤ ስለዚህ አጭር ነው፤ መጨረሻውም ገና ይቀረዋል።