ስጋው ቁሌቱ ውስጥ ሳይገባ የውሻው ድርሻ ይነሳ

ዛሬ በሚኒ ሚዲያ ክበባችን መጽሔት ላይ ስለ ውሻ ምግብ አስተያየቴን ልጽፍ ነው። ርዕሱን አይታችሁ የሳቃችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ችግር የለውም፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ምክንያቱም ነገሩ የውሻ ብቻ አይደለም። የእኛ የልጆች ጤናም ውስጡ አለ።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ቤት ውስጥ ስጋ ሲሠራ፣ በተለይ በበዓል፣ እኛ የማንበላው የስጋ ክፍል ይለይ። ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው ለብቻው ይቀቀልና ለውሻው ይሰጥ። ጥሬውን አንወርውርለት፣ የተረፈ ወጥም አንድፋበት። የምለው ይሄንን ነው።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባላል። እውነት ነው። ሌሊት እኛ ተኝተን እሱ ብርድ ላይ ቆሞ አጥር ይጠብቃል። ዝናብም ቢሆን ሥራውን አይተውም። ደመወዝ አይጠይቅም። ታዲያ ልጠይቃችሁ፣ ይሄ በበላበት የሚጮኸው ውሻ ምን በልቶ ነው የሚጮኸው? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው። ወጥ የነካው የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የዶሮ አጥንት፣ በበዓል ቀን ደግሞ ጥሬ ሳንባ። ሦስቱም ጉዳት አላቸው፤ አንድ በአንድ ላስረዳ።

አንደኛ ሽንኩርት ነው። የእኛ ወጥ ያለ ቁሌት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ለሰው ጥሩ ነው፣ ለውሻ ግን መርዝ ነው። የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብረዋል። ቢበስልም መርዝነቱ አይጠፋም፤ ቁሌቱ ቀኑን ሙሉ ቢቁላላ ያው ነው። ውሻው አንድ ቀን ትንሽ ቢበላ ላይታወቅበት ይችላል፤ በየቀኑ ሲበላው ግን ደሙ እያነሰ ይሄዳል። ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ መተኛት ያበዛል። እኛ ደሞ «ይሄ ውሻ ሰነፈ» እንለዋለን። በርበሬውና ጨው የበዛበት መረቅም ሆዱን ይረብሸዋል፣ ውሃ ጥሙንም ያብሰዋል።

ሁለተኛ የበሰለ አጥንት ነው። የዶሮ አጥንት ከበሰለ በኋላ ሲሰበር እንደ እንጨት ስንጥር ይሆናል። የውሻውን ጉሮሮ ሊወጋ፣ አንጀቱንም ሊበሳ ይችላል። «ውሻ አጥንት ይወዳል» ማለት አጥንት ሁሉ ይስማማዋል ማለት አይደለም። እኛም ከረሜላ እንወዳለን እኮ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፣ እባካችሁ እዚህ ጋ በደንብ አንብቡ። በበዓል ሰሞን በግ ሲታረድ ወይም ቅርጫ ሲከፋፈል ሳንባው ለማን ይወረወራል? ለውሻ። አንዳንድ ጊዜ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል። ያ ከረጢት የትል ቤት ነው። ትሏ ኢኪኖኮከስ ትባላለች። ውሻው ያንን ጥሬ ሲበላ ትሎቹ አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ። ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን ለማየት ያስቸግራሉ፣ ውሻውም ብዙ ጊዜ የታመመ አይመስልም። እንቁላላቸው ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ሣር ላይ፣ አፈር ላይ፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በጎችና ከብቶች ሣሩን ሲግጡ ይይዛቸዋል። እኛም ከውሻ ጋር ተጫውተን ወይም አፈር ላይ ብይ ተጫውተን እጃችንን ሳንታጠብ ስንበላ ሊይዘን ይችላል። በሰው ላይ ያው ከረጢት ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል፤ አንዳንዱም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። አያችሁ? በበዓል ቀን ለውሻ የወረወርነው ሳንባ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ ይመጣል። ይሄንን ዙር የሚቆርጠው አንድ ቀላል ነገር ነው፣ እሳት። ከረጢት የታየበት ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ንጹሕ የሚመስለውም ቢያንስ 30 ደቂቃ ፈልቶ ይቀቀል።

አሁን ወደ ድስቱ እንሂድ። በትምህርት ቤት ስለ ምግብ ስንማር ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ እና በሽታ ተከላካይ ብለን ነው የተማርነው። የውሻም ወጥ በዚሁ መንገድ ሊሠራ ይችላል። አሠራሩን በቡና ስኒ ሳይሆን በትልቅ የሻይ ኩባያ ለክቼ ልጻፍላችሁ።

ገንቢው 2 ኩባያ የስጋ ቁርጥራጭ ነው። ሳንባ፣ ልብ፣ ጉሮሮ፣ ጅማት የበዛበት ስጋ ይሆናል። አጥንቱ ይውጣለት፣ ሞራውም ይነሳለት፤ ስብ ሲበዛ ያሳምመዋልና። ጉበት ካለ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል፣ ምክንያቱም ጉበት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ይጎዳል። ኃይል ሰጪው 1 ኩባያ ሩዝ ወይም የተላጠ ድንች ነው። በሽታ ተከላካዩ ደግሞ 1 ኩባያ የተከተፈ ካሮትና ዱባ ነው።

መጀመሪያ ስጋው ታጥቦ በትንንሹ ይቆረጥና በውሃ ይጣዳል። ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ሩዙ ይጨመራል፣ ቀጥሎ ካሮቱና ዱባው። ሁሉም እስኪለሰልስ ይቀቀላል። ሽንኩርት የለም፣ ጨው የለም፣ በርበሬ የለም፣ ዘይትና ቅቤም የለም። መረቁ አይደፋም፣ እሱም ምግብ ነው። በመጨረሻ ታጥቦ የደረቀና በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይነሰነስበታል። ስጋ ብቻውን ካልሲየም በቂ የለውም፤ የእንቁላል ቅርፊት ግን ካልሲየም ሞልቶበታል። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። የፈላ ምግብ የሚሰጥ ሰው ካለ እሱ ውሻ ጠባቂ አይባልም። በአንዴ ካላለቀ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ ይሰጠዋል። አጠገቡም ንጹሕ ውሃ ይቀመጥለት። ሠሪው ደግሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ይህ ምግብ የውሻን ፍላጎት በሙሉ ያሟላል አልልም። ቡችላና የምታጠባ ውሻ ተጨማሪ ነገር ስለሚያስፈልጋቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅ ነው። የትል መድኃኒትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በምግብ አይተካም። ግን ከወጥ ፍርፋሪና ከጥሬ ሳንባ በጣም ይሻላል፣ በዚህ ማንም አይከራከረኝም።

መከራከሪያ ግን አለ። ይሄንን ሐሳብ ቤት ውስጥ ሳነሳ እናቴ «ለሰው ያልበቃ ስጋ ለውሻ?» አለችኝ። ብዙዎቻችሁም ይሄንኑ እንደምትሉ አውቃለሁ። የስጋ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናያለን፤ በዓል ካልሆነ ስጋ የማይገባበት ቤትም አለ። ስለዚህ ለውሻ ስጋ ግዙ አላልኩም። ጥሬውን ልንወረውረው የነበረውን ሳንባና ጅማት ቀቅሉት ነው ያልኩት። ከሰው አፍ የሚቀነስ ነገር የለም። የሚጨመረው አንድ ኩባያ ሩዝ ወይም ድንች፣ ትንሽ ካሮት፣ ትንሽ ከሰል ነው። ስጋ በሌለበት ቀንም ቢሆን፣ ሽንኩርት ሳይገባ የተነሳ የድንች ወይም የምስር ቅቅል ቁሌት ከነካው ፍርፋሪ ይሻለዋል። ለናቴም እንዲህ ብዬ ስነግራት «እንዲያ ከሆነስ እሺ፣ ግን በኔ ድስት አይሆንም» አለች።

በዚህ ላይ እኔም እስማማለሁ። ለውሻው አሮጌ ድስት፣ ጭልፋና ሳህን ለብቻ ይኑረው። ሙስሊም ጓደኞቼ ቤትም ውሻ የላሰው ዕቃ ከሰው ዕቃ ጋር አይቀላቀልም፤ ጥሩ ሥርዓት ነው። ለጤናም ለሃይማኖትም የሚመቸው ይሄው ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ውሾች ድሮም ወጥ እየበሉ ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?» የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው። ስንቱ ውሻ በምን እንደሞተ ማን መርምሮ ያውቃል? «ታሞ ሞተ» ይባልና ሌላ ቡችላ ይመጣል። ስላልቆጠርናቸው ምንም አልሆኑም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው የጾም ነገር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በጾመኛ ቤት ስጋ አይገባም። ሰው ይጾማል፣ ውሻ ግን አይጾምም፣ ነፍሱም ኃጢአት የለባትም። በእነዚያ ቀናት ውሻው የሚደርሰው ቁሌት የበዛበት የሽሮ ፍርፋሪ ነው። ለውሻው አንዳንዴ እንቁላል መቀቀል ጾም የሚያስፈታ አይመስለኝም፤ የሚበላው እሱ ነዋ! እንቁላል ከሌለ ደግሞ ያለ ጨው የተቀቀለ ምስርና ድንች አለ።

አሁን ወደ ግቢያችን ልምጣ። በራችን ላይ ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር የሚያድረውን ውሻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእረፍት ሰዓት ከምሳ ዕቃችን የተረፈውን እየወረወርንለት ነው የሚኖረው። ወጥ የነካው ሁሉ ሽንኩርት አለበት። ይሄንን የምናደርገው ስለምንወደው ነው፤ ውደታችን ግን እየጎዳው ነው። ስለዚህ ለሚኒ ሚዲያ ክበብና ለተማሪዎች ሦስት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ወጥ የነካው ምግብ አይወርወርለት። ደረቅ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም የተቀቀለ ድንች የተረፈው ተማሪ ለጥበቃው ይስጥ፣ እሳቸው በሳህኑ ያስቀምጡለታል። በእጃችን አናጉርሰው፣ ሲበላም አንነካካው። ዘቢብና ቸኮሌትም አይሰጠው፣ ሁለቱም ለውሻ መርዝ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ከሚመጣው በዓል በፊት በሰልፍ ሰዓት በማይክራፎን ስለ ጥሬ ሳንባ ይነገር። ብዙ ተማሪ ይሄንን ስለማያውቅ ነው እንጂ ማንም ትል ወደ ቤቱ ማስገባት አይፈልግም። የሳይንስ መምህራንም ቢያግዙን ሰው የበለጠ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን በበዓሉ ዋዜማ ለእናቶቻችን ወይም ምግብ ለሚሠራልን ሰው አንድ ቃል እንበል፦ «ስጋው ቁሌቱ ውስጥ ሳይገባ የውሻው ድርሻ ይነሳ።» ካሮት መላጥና ድስት ማጠብ ደግሞ የእኛ የልጆች ሥራ ይሁን። እናቶቻችን በበዓል ዋዜማ እንቅልፍ እንኳ የላቸውም፤ ሥራ ጨምረን «ለውሻውም ሥሪ» ብንላቸው እንሰደባለን፣ ቢሰድቡንም እውነታቸውን ነው።

ውሻ የሌላችሁ ደግሞ «እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። የጎረቤት ውሻ የሚረግጠው ሣር እናንተም የምትጫወቱበት ሣር ነው።

አስተያየቴን በዚሁ ጨረስኩ። የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው ዕትም መልስ ጻፉልኝ፣ በደስታ አነበዋለሁ።

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል