ውጤት ሲለቀቅ ገጹ ለምን ይጨናነቃል?
የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ ገጹ አልከፍት ካለ፣ ጌዶ ያለ ተማሪ የሚረግመው ኔትወርኩን ነው። ችግሩ ግን ሰርቨሩ ጋ ሊሆን ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. የተፈተኑት ከ800 ሺህ በላይ ናቸው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ አንዴ ብቻ ቢገቡ በሰከንድ ከ220 ጥያቄ በላይ ነው፤ በሳምንት ቢከፋፈል 1 ገደማ።

ታዲያ ለአንድ ቀን ብሎ ብዙ ማሽን መግዛት ኪሳራ ነው። ቨርቹዋላይዜሽን የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፦ ትልልቅ ማሽኖችን በሶፍትዌር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ሰርቨር ማሠራት። በውጤት ቀን ከሌላው ሥራ አቅም መበደር፣ በማግስቱ መመለስ።

የተፈታኙ ቁጥር ቀድሞ ይታወቃል፤ ሰዓቱንም የሚመርጠው ለቃቂው ነው። ስለዚህ «ድንገት ተጨናነቀ» ማለት አያስኬድም። ሪፍሬሽ ሲያደርግ የሚያልቀው የተማሪው ፓኬጅ ነዋ!