መትጋትና መጨነቅ አንድ አይደሉም

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህችን አጭር ሐሳብ ከአንባብያን ደብዳቤዎች ጋራ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በጾመ ነቢያት ወራት በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሰበከው ስለ ጌታ መምጣት ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ባለበት ቤት ሁሉ ግን የሚወራው ስለ ፈተና ነው። ሥራዬ ማስተማር ስለ ሆነ ይህን ወሬ በየዕለቱ እሰማለሁ። ፈተናው ገና ብዙ ወራት ሲቀሩት ልጅ እንቅልፍ ያጣል፤ አባት ይቈጣል፤ እናት ታለቅሳለች። ጭንቀቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ከተፈተኑት ደግሞ 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት 5.4 በመቶ። ይህን ቍጥር ያየ ወላጅ ቢሠጋ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ስለ ነገ ማሰብ ሌላ፣ ስለ ነገ መጨነቅ ሌላ ነው። ማሰብ ሰውን ለሥራ ያነሣሣዋል፤ ጭንቀት ግን የሥራውን ጊዜ ይበላበታል። ከተማሪዎቼ አንዱ መጽሐፉን ገልጦ ያድራል፤ ጧት ስጠይቀው ግን «ብወድቅ አባቴ ምን ይለኛል?» እያለ ሲያሰላስል እንዳደረ ይነግረኛል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የተሸከመው ሸክም ግን የእርሱ አይደለም።

እስቲ ገበሬውን እንመልከት። ይህ ጾም የሚውለው በአጨዳና በውቂያ ወራት ነው። ጤፉን የሚወቃው ገበሬ በክረምት አርሶ፣ አለስልሶ፣ ዘርቶ፣ አርሟል። ይህን ባያደርግ ኖሮ ጸሎት ብቻውን ጎተራውን ባልሞላለት ነበር። ዝናቡን ግን አላዘዘም፤ ቡቃያው ቶሎ እንዲያድግለትም በእጁ አልጎተተውም። አንዳንድ ዓመት ውርጭ ይመታበታል፤ ክረምት ሲመለስ ግን ሞፈርና ቀንበሩን ያነሣል።

ነቢያትም እንዲሁ ነበሩ። ኢሳይያስ ከጌታ ልደት 700 ዓመት ያህል አስቀድሞ ስለሚመጣው ተናገረ፤ ቀኑን ግን በዓይኑ አላየም። እርሱ ስላላየው ነገሩ ከመፈጸም አልቀረም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ፤ ኖላዊ ማለት እረኛ ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ከልደት በፊት ባሉት አራት እሑዶች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሻማ እየተጨመረ ይበራ ነበር፤ አራቱንም በመጀመሪያው እሑድ እናብራ የሚል አልነበረም። ሥርዓቱ ቢለያይም ትምህርቱ አንድ ነው፤ የሚመጣው በጊዜው ይመጣል፤ እስኪመጣም ድረስ እረኛ አለን።

አንዳንድ ሰው ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» እያለ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህ መታመን አይደለም፤ ስንፍናን በእግዚአብሔር ስም መሸፈን ነው። ተማሪ ማጥናት፣ መምህር ተዘጋጅቶ ወደ ክፍል መግባት፣ ወላጅ ለልጁ የማንበቢያ ጊዜ መስጠት፣ መጽሐፍ የጎደለው ትምህርት ቤት እንዲሟላለት መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ የሰው ድርሻ ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚተው አይደለም። ለእርሱ የሚተወው ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ፍሬ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ በጾም ከሥጋና ከወተት እንደምንከለከል፣ ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋራ ከማወዳደርም እንጹም። «ብትወድቅ ዓይንህን እንዳላይ» ማለት ልጁን ብርቱ አያደርገውም። «አንተ ትጋ፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን ልጄ ነህ» የሚለው ቃል ግን እንቅልፉን ይመልስለታል፤ እንቅልፍ ያገኘ ልጅም ያነበበውን ያስታውሳል። ተማሪዎች ሆይ፤ የቀኑን ሥራ በቀኑ ፈጽሙ፤ ማታ መጽሐፋችሁን ስትዘጉ ነገን ለባለቤቱ አስረክባችሁ ተኙ። እኛም መምህራን በልጆቹ ፊት የውድቀትን ቍጥር ደጋግመን ከመቍጠር ይልቅ ያልገባቸውን ደጋግመን እናስረዳቸው።

የእኛን ድርሻ ከእግዚአብሔር ድርሻ ለይቶ ማወቅ የሰላም መጀመሪያ ነው። ሁላችንንም ለልደቱ በሰላም ያድርሰን።

አክባሪዎ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር