መስተዋት መዳበስ ዕውቀት አይደለም

ስለኛ ትውልድ ዘወትር የሚባል ነገር አለ። «የዛሬ ልጆች ኮምፒዩተርን ከእናታቸው ሆድ ተምረውት ነው የሚወጡት» ይባላል። ወላጆቻችን በአድናቆት ይሉታል፤ መምህራኖቻችንም አንዳንዴ ይሉታል፤ እኛ ደግሞ ዝም ብለን እንሰማለን። ደስ ይለናላ! ውዳሴ ማን ይጠላል? እኔ ግን ዛሬ ይህን ውዳሴ አልቀበልም ልል ተነስቻለሁ። ሐሰት ነውና። እኛ ኮምፒዩተር አንችልም። የምንችለው መስተዋት መዳበስ ነው።

ይህን በማለቴ ቅር የሚለው ጓደኛ ይኖራል። ይበለው። ሰው እንዳማሁ እንዳይቆጠርብኝ ግን ከራሴ ልጀምር።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ መምህራችን አሥር ገጽ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ተጽፎ እንዲቀርብ አዘዙ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስልክ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። ኮምፒዩተር ፊት ስቀመጥ ግን የመጀመሪያዋን አንቀጽ ስጽፍ ከሰዓት በኋላው አለቀ። «ኰ»ን ፍለጋ ብቻ ስንት ደቂቃ እንደፈጀሁ እግዜር ይወቀው። በማግሥቱ ልቀጥል ስል ጽሑፌ የለም። ሴቭ አድርጌዋለሁ፤ የት? እንጃ! ፋይል ምንድን ነው፣ ፎልደር ምንድን ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዴት ይቀመጣል፣ አላውቅም። ስልክ ላይ «የት» የሚባል ጥያቄ የለማ። ፎቶው ከፎቶው ዘንድ ራሱ ይሄዳል፤ አንተ አትጠየቅም።

በመጨረሻ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግሁ። በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ወደ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ወሰድኩት። የምትተይበው ልጅ በዕድሜ ከኔ ታንሳለች፤ ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ዓይኗ ወረቀቴ ላይ፣ አሥሩ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ። ወረቀቱን ገልብጣ ሳትጨርስ ጠየቀችኝ፤

«ፍላሽ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም። በቴሌግራም ላኪልኝ፣ እህቴ።»

«ኋላ ትፈልገውና ታጣዋለህ፣ ወንድሜ። ደግሞ ይቺ ‹ዓመት› በአልፋው ‹አ› ጽፈሃታል፤ አስተካክዬልሃለሁ።»

በገጽ ሒሳቧን ከፈልኳት። የከፈልኩት ለድካሟ ብቻ አልነበረም፤ ላለማወቄም ጭምር ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ባይ፣ ያውም የቋንቋ ተማሪ፣ የገዛ ቋንቋዬን በማሽን ለመጻፍ ሰው መቅጠር ነበረብኝ። እንግዲህ ከእናቱ ሆድ ተምሮ ወጣ የተባለው ይህ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ታብሌትና ኮምፒዩተር በውስጣቸው ያን ያህል የተለያዩ ዕቃዎች አይደሉም። ልዩነቱ ከተጠቃሚው ጋር የሚገቡት ውል ነው። ታብሌት በአመዛኙ የተሠራው ለማየት፣ ለመስማትና ለመንካት ነው። ውስጡን ይደብቃል። የሚደብቀውም ለደግ ነው፤ ማንም ሰው ሳይማር እንዲጠቀምበት። ነገር ግን ሳይማሩ የሚጠቀሙበት ዕቃ ምን ሊያስተምር ይችላል? ጣታችን የሚነካው ፕሮግራም ራሱ የተጻፈው በአብዛኛው ታብሌት ላይ አይደለም፤ ኪቦርድ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ነው። የሚሠሩት ሰዎች በአንዱ ዕቃ ይሠራሉ፤ እኛ በሌላው እንበላለን።

ይህ ጉዳይ በአገራችን በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት «ሞቶሮላ ዙም» የተባሉ ታብሌቶች ሰጠ። በየመንደሩ ሃያ ያህል ልጆች ነበሩ። ካርቶኑ እንደታሸገ ተቀመጠላቸው፤ መምህር የለ፣ መመሪያ የለ፤ ባትሪ የሚሞላው በፀሐይ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ለዓለም ሲያወሩ፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም እየከፈተ እንደነበረ፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እንደዘመሩ፣ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው አንድሮይድን «እንደሰበሩት» ተናገሩ። ዓለም አጨበጨበ።

የልጆቹን ብልኀት የሚጠራጠር የለም። እኔ የምጠራጠረው ጭብጨባውን ነው። ልጅ ካርቶን ቢከፍት ምን ያስደንቃል? ጠያቂ ቢኖር፣ «ከ47ቱ ፕሮግራም አንዱን የሚጽፍ ልጅ እንዴት እናፍራ?» ብሎ በጠየቀ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ይኸው ድርጅት ከዚያ ቀደም ያሠራው፣ ወደ አገራችንም ገብቶ የነበረው፣ «ኤክስ ኦ» የተባለው ትንሽ ላፕቶፕ ኪቦርድ ነበረው። ኪቦርዱ ላይ ደግሞ የፕሮግራሙን ውስጥ ለልጁ እንዲያሳይ የታሰበ ቁልፍ ነበረበት። «ይኸውልህ ውስጡ፤ ነካክተህ እየው» የሚል ቁልፍ! ታብሌቱ ሲመጣ ያ ቁልፍ ቀረ። ልጆቹ የተዘጋውን ለመክፈት መስበር ነበረባቸው።

«ይህ የድሃ አገር ወሬ ነው» የሚል ካለ ወደ አውስትራሊያ ልውሰደው። እዚያ በየሦስት ዓመቱ የተማሪዎች የኮምፒዩተር ችሎታ በአገር ደረጃ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች 65 በመቶው የሚጠበቀውን ደረጃ አሟልተው ነበር። በ2014 ይህ ቁጥር ወደ 52 በመቶ ወረደ። በነዚያው ዓመታት ታብሌቱና ስልኩ በየልጁ እጅ እየበዛ ነበር። ፈታኞቹም ወደ ታብሌትና ወደ ስልክ መዞሩ አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። ዕቃ በዛ፤ ችሎታ ቀነሰ። መብራትና መምህር በተሟላበት አገር እንዲህ ከሆነ በኛ አገር ምን ሊሆን ነው?

ምን እንደሚሆን ከዘመድ ቤት ልንገራችሁ። ነፋስ መውጫ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ገና ሕፃን ሳለች ከውጭ አገር አጎታችን ታብሌት ላኩላት። መስተዋቱን በጣቷ ገፋ ገፋ ስታደርግ አያታችን፣ «ልጄ ኮምፒዩተር ቻለች!» እያሉ ለጎረቤት ያሳዩ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ልጅቱ ለልምምድ ኮምፒዩተር ፊት ስትቀመጥ ምን አደረገች? መልሱን በጣቷ ስክሪኑ ላይ ነካች። ስክሪኑ ዝም አለ። ደግማ ነካች። አጠገቧ ያለው ልጅ ሳቀ። ማውዝ በእጇ ይዛ አታውቅም። ጥያቄውን ታውቀዋለች፤ ጎበዝ ናት። ማታ ስልክ ደውላ ያለቀሰችው ግን በጥያቄው አልነበረም፤ «ዕቃው አላውቅህም አለኝ» ብላ ነው። በትምህርቷ የደከመች ልጅ በማውዝ ምክንያት ብትወድቅ ማን ነው ተጠያቂው? አያታችን ናቸው? አጎታችን ናቸው? ወይስ «ቻለች» ስንባባል ዝም ያልነው ሁላችን?

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ የብዙዎቻችን መጽሐፍና ማስታወሻ ቴሌግራም ውስጥ ነበር። የኔም እንዲሁ። ስልኩ በእጄ ነው፤ መጽሐፉ ግን የለም። አንብበው የሰነበቱት ፋይላቸውን ኮምፒዩተርና ፍላሽ ላይ ያኖሩ ጥቂት ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ ነው «የት ነው ያስቀመጥከው?» የሚለው ጥያቄ የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች ጥያቄ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ። ዕውቀትህ ያለው በሰው ቤት ከሆነ ባለቤቱ በሩን የዘጋ ዕለት ባዶ እጅህን ነህ።

እኛ ደግሞ የተቀመጥነው የት ነው? ደብረ ታቦር! ጋፋት እኮ ከከተማችን በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የነበሩትን የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና ባለሙያዎች መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው ሰዎቹ አናውቅም ብለው ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ተደገመ። በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደል እየተናደለት፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ከወራት ጉዞ በኋላ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አለ።

ንጉሡ ሰዎቹን በግድ ማሠራታቸውን ለማወደስ አይደለም ይህን የማነሣው። መድፉም ቢሆን ንጉሡን አላዳናቸውም፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። ነገር ግን አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ የተገዛ መድፍና እዚሁ የተሠራ መድፍ አንድ አይደሉም። የፈለጉት ዕቃውን ብቻ አልነበረም፤ ዕቃውን የሚሠራውን እጅም ጭምር ነው። እኛ የጋፋት ጎረቤቶች ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተን የተገዛ መስተዋት እየዳበስን ሠለጠንን እንላለን።

«ያኔ ንጉሥ ነበር፤ ዛሬ ማን አለ?» ትሉ ይሆናል። ንጉሥ አያስፈልግም። በስልካችን የምንጽፍበት ፊደል ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ዶ/ር አበራ ሞላና እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን በስደት አገር ተቀምጠው፣ ኮምፒዩተሩን ነካክተው፣ ፊደላችንን ውስጡ አስገቡ። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዶ/ር አበራ በሙያቸው ምንድን ናቸው? የእንስሳት ሐኪም! «እኔ የሰብአዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ኮምፒዩተር አይመለከተኝም» የምትል ጓደኛዬ፣ ይህን አስብበት።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዬን ልስማው። «ታብሌት ይረክሳል፤ ባትሪው ይቆያል፤ ስማዳና እስቴ ገጠር መብራት በሌለበት ኮምፒዩተር ምን ይሠራል?» ይላል። እውነት አለው። መጽሐፍ ያጣ ልጅ በታብሌት ቢያነብ እኔ ምን ከፍቶኝ እቃወማለሁ? እሰየው ነው። የምቃወመው ስሙን ነው። ታብሌት ያነበበውን ልጅ «አነበበ» በሉት፤ «ኮምፒዩተር ተማረ» አትበሉት። ይህ ስም ሲሰጠው ኪቦርዱም፣ የኮምፒዩተር ክፍሉም፣ መምህሩም አያስፈልጉም ተብሎ ይቀራሉ። «አስቀድሞ ይችላል» የተባለን ልጅ ማን ያስተምረዋል?

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ፣ «ኪቦርድ እኮ ቀሪ ነው፤ ነገ በድምፃችን እንጽፋለን፤ ማሽኑ ራሱ ይጽፍልናል» ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ያን ማሽን ማን ይሠራዋል? አማርኛችንን፣ ያውም የጋይንትንና የፋርጣን አነጋገር፣ ማን ያስተምረዋል? እኛ ካልገባንበት ሌላው ለኛ ብሎ አይደክምም።

እንደምናውቀው አንደኛ ዓመት «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ» የሚባል ኮርስ ወስደናል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተፈትነን አልፈናል። ፋይል ከኮምፒዩተር ወደ ፍላሽ መገልበጥ የማይችል ተማሪ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት «ኤ» ሲያመጣ ሳቅ አይመጣባችሁም? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኮደር የማፍራት ዕቅድ ይፋ ሆነ። ዓላማው መልካም ነው። ግን ከመካከላችን ትምህርቱን በስልክ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ሰርተፊኬቱን ለጥፎ፣ አንዲት መስመር ኮድ ራሱ ጽፎ ያላሠራ ስንቱ ነው? እጅ ላውጣ?

ወደዚህችው መጽሔት ልመለስ። የሚመጡልን ጽሑፎች አብዛኞቹ በአውራ ጣት ስልክ ላይ የተጻፉ ናቸው። አንቀጽ የላቸውም፤ ሐሳቡ ሲጀመር ያልቃል። ደራሲው ሰንፎ አይደለም። በሁለት አውራ ጣት ረዥም ሐሳብ መጻፍ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም፣ ሦስተኛውን አንቀጽ ወደ መጀመሪያው ማምጣት ስለሚያታክት ነው። እነዚህን ሁሉ አስተካክለው ለማባዣ የሚተይቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱም ዘንድሮ ይመረቃሉ። ከነሱ በኋላስ? መጽሔቷ የምትሞተው ደራሲ አጥታ ሳይሆን ተያቢ አጥታ ሊሆን ነው።

ስለዚህ ጩኸት ብቻ ይዤ አልመጣሁም። የግቢያችን የኮምፒዩተር ክፍል ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ ባዶም ነው። እኛ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን ስልክ እንዳብሳለን። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሁለቱ ተያቢዎቻችን ለሚመጣ ሁሉ ሊያስተምሩ ፈቃደኞች ናቸው። መጀመሪያ ፊደሉን በአሥር ጣት፤ ቀጥሎ ፋይልና ፎልደር፤ ከዚያ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም። ኮምፒዩተር ያላገኘ ኪቦርድ በገመድ ከስልኩ ጋር ማያያዝ ይችላል፤ ይህም ይሠራል። ለሚቀጥለው እትም ጽሑፍ የሚሰጥ ሁሉ ራሱ ተይቦ፣ በፍላሽ አድርጎ፣ የት እንዳስቀመጠው አውቆ ያምጣ። የክረምት ዕረፍት ወደየአገሩ የሚገባም የተማረውን ለታናናሾቹ ያሳይ። እኔ ነፋስ መውጫ ስሄድ አንድ ማውዝና አንድ ኪቦርድ ይዤ እሄዳለሁ።

ይህችን ጽሑፍ ራሴ ነው የተየብኳት። አራት ምሽት ፈጀችብኝ። «ኰ»ን አሁን ሳላይ አገኛታለሁ።

ከሥነ ጽሑፍ ክፍል፣ ሁለተኛ ዓመት